ብቻውን አገር ያቀና የለም

በአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት ደቡብ፣ ከፕላት ወንዝ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ሚንደን የምትባል ሦስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የገበሬ ከተማ አለች። ይህች ትንሽ ከተማ ከመጠኗ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ሙዚየም አላት፤ የአቅኚዎች መንደር ይሉታል። በ20 ኤከር ግቢ ውስጥ 28 ሕንፃዎች፣ በሕንፃዎቹ ውስጥ ደግሞ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ማረሻው፣ ምድጃው፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ትራክተሩ፣ አውሮፕላኑ፣ ሁሉም ከ1830 ጀምሮ በየዘመኑ ተራ ገብቶ ይታያል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚየሙን በ1953 የከፈተው ሃሮልድ ዋርፕ፣ ከኖርዌይ መጥተው በዚያው አካባቢ ከሰፈሩ ወላጆች በ1903 የተወለደ ሰው ነው። በ1924 ወደ ቺካጎ ሄዶ፣ ለዶሮ ቤት መስኮት በመስተዋት ፋንታ የሚሆን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ እያመረተ በመሸጥ በለጸገ። ልጅ ሳለ የተማረበት የገጠር ትምህርት ቤት ለሽያጭ መቅረቡን በ1948 ሲሰማ ገዛው፤ መሰብሰቡም ከዚያ ቀጠለ።

እንዲህ ያለ ሙዚየም ያላት ሚንደን ብቻ አይደለችም። ከካንሳስ እስከ ሰሜን ዳኮታ በተዘረጋው ሜዳ፣ በየትንሹ ከተማ አንድ የቆየ ትምህርት ቤት፣ አንድ የአንጥረኛ ቤት፣ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከነዕቃው ተጠብቆ የአቅኚዎች መታሰቢያ ተብሏል። የሚነገረውም ታሪክ በየቦታው ይመሳሰላል፤ አንድ ቤተሰብ ጋሪውን ጭኖ መጣ፣ ባዶ ሜዳ አገኘ፣ ማንንም ሳይለምን በክንዱ ጉልበት አገር አደረገው። ይህን ታሪክ የምሁር ካባ ያለበሰው የታሪክ ጸሐፊው ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር ነው። በ1893 ቺካጎ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የአሜሪካን ሕዝብ ጠባይ፣ ለብቻ መቆም መውደዱን ሳይቀር፣ የቀረጸው ወደ ምዕራብ እየገፋ የሄደው የሰፈራ ጠረፍ ነው ሲል ተከራከረ። የሙዚየሞቹ ዕቃዎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ግን ይህን ታሪክ አይደግፉትም። የሚመሰክሩት ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ዱቤ፣ ስለ ሕግና ስለ ጦር ሠራዊት ነው። የነዚህ ሙዚየሞች ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ ተረቱን የሚያፈርሰውን ማስረጃ በገዛ መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠውታል።

ክርክሩን ከሁሉ ይልቅ ሊያስቸግረው ከሚችለው ነገር መጀመር ይሻላል፤ እሱም የጓል ቤት ነው። ነብራስካ ዛፍ ብርቅ የሆነባት የሣር ምድር ናት። እንጨት ያጣው ሰፋሪ መሬቱን ከነሣሩ ገመሰው፤ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጓል ከቆረጠው በኋላ ሣሩን ወደ ታች ገልብጦ እንደ ጡብ ደረደረው። የሣሩ ሥር አፈሩን አስሮ ስለሚይዘው ግድግዳው ይጸናል፤ በሙቀት ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ጊዜ ይሞቃል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ከዚህ የበለጠ የገዛ እጅ ሥራ ሊኖር አይችልም ያሰኛል። ሆኖም አንድ የነብራስካ ሰፋሪ በ1872 ኮረብታ ጥግ ቆፍሮ ለሠራት መጠለያ ያወጣውን ወጪ ጽፎ ትቶልናል። መስኮት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም፣ የበር ሳንቃ 54 ሳንቲም፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ 50 ሳንቲም፣ በጣሪያ የሚወጣ የጭስ ቧንቧ 30 ሳንቲም፣ ምስማር 19 ሳንቲም ተኩል፣ በድምሩ 2 ዶላር ከ78 ሳንቲም ተኩል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ይናገራል። መስተዋቱም፣ ሳንቃውም፣ ምስማሩም፣ ቧንቧውም ከሜዳው አልበቀሉም። ጓሉን የሚገምሰው የብረት ማረሻ ራሱ የፋብሪካ ሥራ ነበር። እጅግ ድሃው ሰፋሪ እጅግ ርካሹን ቤት ሲሠራ እንኳ፣ ሩቅ አገር ያለ ሠራተኛ ካላገዘው አንድ በር ማቆም አይችልም ነበር።

ሰፋሪዎቹ ራሳቸውም ቢሆኑ ከዓለም ተለይቶ መኖርን እንደ ክብር አልቆጠሩትም። ሰለሞን ቡቸር የተባለ ፎቶ አንሺ ከ1886 ጀምሮ ከስተር በተባለው የነብራስካ አውራጃ እየዞረ በጓል ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦችን አንሥቷል። በፎቶዎቹ ላይ ሰዎቹ ከቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ግን ያላቸውን ውድ ዕቃ አውጥተው አሰልፈዋል፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የግድግዳ ሰዓት፣ በመስተዋት የተለበጠ ቁም ሳጥን። በአንዱ ፎቶ ላይ አንድ ቤተሰብ ኦርጋኑን ከቤት አውጥቶ ሜዳ ላይ አቁሞታል፤ የቤቱ እመቤት ምሥራቅ ያሉ ዘመዶቿ ኦርጋኑን እንዲያዩላት እንጂ የጓል ቤቷን እንዲያዩባት አልፈለገችም። ዛሬ ሙዚየሞቹ እንደ ጀግንነት ምልክት የሚያሳዩትን ቤት እሷ የደበቀችው አፍራበት ነበር። ልታሳየው የወደደችው ከፋብሪካ የመጣውን፣ ከሩቁ ዓለም ጋር የሚያገናኛትን ዕቃ ነው።

ከቤቱ ወጥቶ ወደ እርሻ መሣሪያዎቹ ሲሄዱ ማስረጃው እየበዛ ይመጣል። የዚያ ዘመን የብረት ምድጃ በር ላይ፣ የማጨጃው ወንበር ላይ፣ የማረሻው ጎን ላይ የሠሪው ኩባንያ ስምና ብዙ ጊዜም የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ቀን ከብረቱ ጋር አብሮ ቀልጦ ተቀርጿል። ሰፋሪው የሚያነደው ኩበት ወይም ቆሮቆንዳ ሊሆን ይችላል፤ ምድጃው ግን የመጣው ከኒው ዮርክ ወይም ከኢሊኖይ ነው። ጆን ዲር የብረት ማረሻውን በ1837 የሠራው ኢሊኖይ ውስጥ ነው። በነፋስ የሚሽከረከረውን የውኃ መሳቢያ ዳንኤል ሃላዴይ በ1854 የፈለሰፈው ኮኔቲከት ነው። የጆሴፍ ግሊደን እሾሃማ ሽቦም ኖቬምበር 24 ቀን 1874 የተመዘገበው በኢሊኖይ ገበሬ ስም ነው። በዚያ ዓመት አገሩ ያመረተው እሾሃማ ሽቦ 10 ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር፤ በ1880 ግን ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። እንጨት በሌለበት ሜዳ ከብት ከእህል የሚለየው ይህ ሽቦ እስኪመጣ ድረስ እርሻ እንዲያ ሊስፋፋ አይችልም ነበር። ሽቦውን ደግሞ ሜዳው ድረስ ሊያደርሰው የሚችለው ባቡር ብቻ ነበር።

ባቡሩ ጭነት አመላላሽ ብቻ አልነበረም፤ ባለርስትም ነበር። በ1862 የወጣው የፓሲፊክ ባቡር ሕግ ሐዲድ ለሚዘረጋ ኩባንያ በሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ ዳማ ሰሌዳ እየዘለለ መሬት ሰጠ። ሚንደን ባለችበት አካባቢ ያለፈው የበርሊንግተን ባቡር ነብራስካ ውስጥ ከ2.3 ሚሊዮን ኤከር በላይ አገኘ። ኩባንያው ይህን መሬት መልሶ ለሰፋሪ ሸጠው፤ በ1872 የታተመው ማስታወቂያው በአሥር ዓመት ዱቤ፣ በመቶ ስድስት ወለድ እንደሚሰጥ ይናገራል። መሣሪያውም እንደዚሁ በዱቤ ነበር፤ እኛም አገር ስሙ ቤት የለመደው የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ከ1850ዎቹ ጀምሮ በየወሩ እየተከፈለ ይሸጥ ነበር፤ የማኮርሚክ ማጨጃም ከመከር በኋላ በሚከፈል ዕዳ ይወሰድ ነበር። የሙዚየሙ መደርደሪያ እንግዲህ የዕዳ መዝገብ ጭምር ነው። ተርነር ለብቻ መቆም ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በየዓመቱ መጨረሻ ወለድ የሚከፈልበት ነበር።

የመሬቱ ነገር ሲነሣ የመንግሥት እጅ በግልጽ ይታያል። ሚንደን ከሰበሰበቻቸው ሕንፃዎች መካከል የባቡር ጣቢያና የመሬት ጽሕፈት ቤት መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ አገር አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ሜይ 20 ቀን 1862፣ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሆምስቴድን ሕግ ፈረሙ። ዕድሜው 21 የሞላ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ዜጋ የሆነ ወይም ለመሆን ያመለከተ ሰው 160 ኤከር መሬት እንዲያዝ ተፈቀደለት፤ በእኛ የድሮ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ ነው። አምስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው፣ በጠቅላላ 18 ዶላር ያህል የጽሕፈት ቤት ክፍያ ፈጽሞ ባለቤት ይሆናል። በዚህ ሕግ በመላ አገሪቱ 270 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ተላልፏል፤ ይህም ከአገሪቱ ስፋት አንድ አሥረኛው ነው። ዋርፕ የገዛው ዓይነት የገጠር ትምህርት ቤት እንኳ ከዚህ አይወጣም፤ በየቀበሌው ከሚለካው 36 የመሬት ክፍል 16ኛውና 36ኛው ለትምህርት ቤት ማቋቋሚያ እንዲውል ፌደራል መንግሥት አስቀድሞ ለይቶት ነበር። ይህን ያህል መሬት በነጻ ማደል በዓለም ታሪክ ከታዩት ሰፋፊ የመንግሥት ድጎማዎች አንዱ ነው።

መንግሥት የሚያድለውን መሬት ደግሞ ከሰው ወስዶታል። ፕላት ወንዝ ዳር የኖሩት፣ ፖኒዎች የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ የሚያመርቱ፣ እንጨት አቁመው አፈር በማልበስ ትላልቅ ክብ ቤቶች የሚሠሩ ገበሬዎች ነበሩ። በሜዳው ላይ የአፈር ቤት ፈር ቀዳጆች እነሱ ናቸው ማለት ነው። በ1833 በተፈረመ ውል ከፕላት በስተደቡብ ያለውን፣ ዛሬ ሚንደን ያለችበትን ምድር ለቀቁ። በ1848 ደግሞ የፎርት ኪርኒ ጦር ሰፈር የተሠራበትን የወንዝ ዳር መሬት 2 ሺህ ዶላር በሚያወጣ ዕቃ ሰጡ። ወደ ኦሪገን የሚሄዱ ተጓዦች በጋሪ ሲያልፉ የሚጠብቃቸው ይህ ሰፈር ነበር። በ1857 የቀራቸው በሉፕ ወንዝ ዳር ያለ ትንሽ ክልል ነበር። ወጣቶቻቸው ለአሜሪካ ጦር ቃፊር ሆነው የዩኒየን ፓሲፊክን ሐዲድ ሠራተኞች ከጥቃት ጠበቁ፤ ውለታቸው ግን አላዳናቸውም። በ1870ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ኦክላሆማ ወደተባለው ምድር ሄዱ፤ በ1830ዎቹ ወደ 10 ሺህ ይገመት የነበረው ሕዝብ በ1900 ከ700 በታች ሆነ። ሰፋሪው ያገኘው ሜዳ ባዶ ከነበረ፣ ባዶ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ አንባቢ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሰፋሪውን ድካም ማቃለል ነው ሊል ይችላል። ሕግ መሬት ይሰጣል እንጂ አያርስም፤ ባቡር ማረሻ ያመጣል እንጂ እርፍ አይጨብጥም፤ በበረዶ ማዕበል ልጅ የቀበረች እናት ሐዘን በድጎማ ስሌት አይመዘንም። ይህ እውነት ነው። ግን የሰፋሪውን መከራ አክብሮ ለመናገር ብቻውን ነበረ ማለት አያስፈልግም፤ እንዲያውም መከራው በጣም በጸናበት ጊዜ ያተረፈው ብቻውን አለመሆኑ ነው። በ1874 አንበጣ ሜዳውን ሸፍኖ የቆመ እህል ሁሉ ሲበላ፣ በዚያ ክረምት ሠራዊቱ ከመጋዘኑ ካፖርትና ቦት ጫማ አውጥቶ ለሰፋሪዎች አደለ፤ በ1875 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ለእርዳታ 150 ሺህ ዶላር፣ ለዘር 30 ሺህ ዶላር ፈቀደ። ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ የሆነውን የመውቂያ ማሽን ሥራ ጎረቤት ከጎረቤት እየተዛዘለ ይወጣው ነበር፤ እኛ ደቦ የምንለው ዓይነት ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም የሚለውን ተረት ለሚንደን ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም ነበር፤ በየመከሩ ይኖረው ነበር። ድካሙን የሚያሳንሰው ይህን መደጋገፍ ከታሪኩ መሰረዝ ነው፤ የጎረቤቱን ድካም ጭምር ያጠፋልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። የትንሽ ከተማ ሙዚየም ፍርድ ቤትም ዩኒቨርሲቲም አይደለም፤ ሰው አያቱ የተጠቀመችበትን የቅቤ መናጫ አምጥቶ የሚያኖርበት የጋራ ጎተራ ነው፤ ውልና አዋጅ እንዲያሳይ መጠየቅ ከአቅሙ በላይ መጫን ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ሙዚየም ያለ ማንም ክፉ ሐሳብ፣ በአሰባሰቡ ብቻ ታሪክን ያጣምማል። ዕቃ የሚሰጠው የቀረ ሰው ነው። በሆምስቴድ ሕግ 4 ሚሊዮን ያህል ማመልከቻ ተመዝግቦ የባለቤትነት ወረቀት ያገኘው 1.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ከሰሩ ማለት አይደለም፤ መብታቸውን ሸጠው ሌላ ቦታ የሄዱም ነበሩ። ግን ድርቅ የነቀለው፣ ዕዳ ያባረረው ቤተሰብ ምድጃውን ሸጦ ወይም ጭኖ ሄዷል፤ የልጅ ልጁ ለሚንደን ሙዚየም የሚሰጠው ነገር የለውም። ፖኒዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ጸንተው የቀሩት ሰዎች ዕቃ ብቻ በተሰበሰበበት ቤት፣ ጽናት የሁሉ ዕጣ የነበረ ይመስላል። ይህን ለማረም ሌላ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ከማረሻው አጠገብ የዱቤ ውሉን፣ ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ አጠገብ የ1833ቱን ውል ቅጂ ማኖር ይበቃል። ሁለቱም ወረቀት ናቸው፤ ቦታ አያጣብቡም።

ይህን መጠየቅ የድሮ ቁስል መቆስቆስ ነው የሚሉም አሉ። ከዚያው አካባቢ የመጣ አንድ ምሳሌ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ፖኒዎች ወደ ኦክላሆማ ሲሄዱ የበቆሎ ዘራቸውን ይዘው ነበር፤ የዚያ አገር አፈርና አየር ግን አልስማማ ብሎት ዘሩ ሊጠፋ ተቃረበ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ዘሩ ወደ ነብራስካ ተመልሶ፣ ከሚንደን ብዙ በማትርቀው በኪርኒ አካባቢ ተዘራ፤ በቀለ፣ በዛ። ሲዘሩትና ሲንከባከቡት ከነበሩት መካከል ዛሬ በዚያ መሬት ላይ የሚኖሩ ነጮች ይገኙበታል። መሬቱ የማን እንደነበረ በግልጽ ተነግሮ ሳለ ሰዎቹ አልተጣሉም፤ አብረው ሠሩ። ታሪኩ ቢደበቅ ኖሮ ዘሩ ወዴት መመለስ እንዳለበት የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ለዋርፕ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። እሱ ማሳየት የፈለገው የብቸኛውን ጀግና ገድል ሳይሆን የፈጠራን ግስጋሴ ነው፤ ዕቃውን በዘመን ተራ ያስቀመጠውም በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ኑሮ ምን ያህል እንደተለወጠ እንዲታይ ነው። በዚህ ከብዙዎቹ ሙዚየሞች ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል። ግን ፈጠራም ብቻውን ወደ ገበሬ ቤት አይገባም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሪክ የነበረው የአሜሪካ እርሻ ከአሥር አንድ ያህሉ ነበር፤ አምፖሉ ከተፈለሰፈ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር። መብራቱን ወደ ገጠር ያስገባው በ1935 የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሰጠው የመንግሥት ብድር ነው። በ1936 የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግ እንዲጸድቅ ከታገሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ደግሞ የነብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ናቸው። በዋርፕ ሙዚየም ከ1830 የጀመረው የማዕድ ቤቶች ሰልፍ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሲደርስ፣ በምድጃው ፈጣሪና በማዕድ ቤቷ ባለቤት መካከል የቆመውን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ክርክር የሙዚየም አደራደር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ስለ አቅኚው የሚነገረው ታሪክ ዛሬም እንደ መለኪያ ያገለግላል። በዴንቨርም ሆነ በሚኒያፖሊስ፣ የእኛን ሰዎች ጨምሮ አዲስ ገብ ሁሉ፣ አባቶቻችን ያለ ማንም ድጋፍ ነው የቆሙት በሚል ሚዛን ይመዘናል፤ የመኖሪያ ቤት ድጎማ ወይም የትምህርት ብድር ሲያገኝ ከአቅኚው ያነሰ ሆኖ ይታያል። ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ነው። አቅኚው 160 ኤከር በ18 ዶላር የወሰደ፣ በወታደር የተጠበቀ፣ ማረሻውን በዱቤ የገዛ፣ እህሉ በአንበጣ ሲጠፋ ካፖርት የታደለ ሰው ነበር። ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ለተሰጠው ዕድል ያለውን ሁሉ ከፍሏል። የሚነቀፈው እርዳታ መቀበሉ ሳይሆን፣ ተቀብሎ እንደነበር ከልጅ ልጆቹ መሰወሩ ነው። ወደ እንዲህ ያለ ሙዚየም የሚገባ ጎብኚ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ማን ሠራው፣ በማን ገንዘብ ተገዛ፣ በማን መሬት ላይ ሠራ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ከዕቃው ራሱ ያገኛል፤ ያን ካገኘ በኋላም አዲስ የመጣውን ሰው ባልነበረ አያት ልክ መመዘን አይችልም።